አንድ ድርሰት፣ ብዙ ማርክ

«ዲፓርትመንታችሁ ምን ሠራ?» ስንባል ቶሎ የምንቆጥረው ዋንጫና ሰርተፊኬት ነው። የጥያቄና መልስ ውድድር፣ ዲቤት፣ የግጥም ንባብ። ደስ ይላሉ፤ ጥያቄ የለውም። ግን መድረክ ላይ የሚወጡት ያው ሁልጊዜ የምናውቃቸው ጎበዞች ናቸው። እኔ ዛሬ ለእናንተ ለእንግሊዝኛ መምህራን የማካፍለው ግድግዳ ላይ የማይሰቀለውን ሥራችንን ነው። ድርሰት አንድ ላይ ማረም ጀምረናል። ከዚያ ወዲህ ያየነው ለውጥ አብዛኛው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የተማሪ ድርሰት ስሙ ተሸፍኖ ይባዛል። ሁላችንም ሳንነጋገር እናርመዋለን። ከዚያ ማርካችንን በአንድ ጊዜ እናወጣለን። በመጀመሪያው ቀን ስታፍ ሩሙ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ለዚያው ወረቀት አንዱ ከአሥር ስምንት ሰጥቷል፤ ሌላው አራት።

ሳቁ ሲበርድ ክርክሩ ጀመረ። የድርሰቱ ርዕስ ስልክ ትምህርት ቤት ውስጥ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚል ነበር። ስምንት የሰጠው ባልደረባችን ልጁ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ራሱ አንስቶ መልስ እንደሰጠበት አሳየን። እውነትም በዚህ ዕድሜ ብዙ የማይታይ ነገር ነው። አራት የሰጠችው ደግሞ ያው ፓራግራፍ ላይ ጣቷን አስቀመጠች። ያለፈውና የአሁኑ ጊዜ ተቀላቅሏል። ነጠላና ብዙ አልተለየም። አንዱ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ሄዶም አላለቀም። ከሁላችንም በአገልግሎት የሚበልጡት መምህርት ሁለቱንም ሰሙና፣ «የምትሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን ልጁ ወረቀቱ ሲመለስለት የትኛችሁን ይስማ?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1912 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ስታርች እና ኤድዋርድ ኤሊየት የተባሉ አሜሪካውያን ሁለት የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቶችን ለብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልከው አሳርመው ነበር። 142 መምህራን አረሙላቸው። ለአንዱ ወረቀት የተሰጠው ማርክ ከ64 እስከ 98 ተዘረጋ። ለሌላው ከ50 እስከ 97። ወረቀቱ ያው ነው፤ እጁ ነው የተለያየው።

ስለዚህ መመዘኛ አወጣን። ሐሳብ፣ አደረጃጀት፣ ቃላት፣ ሰዋስው። መመዘኛ ማውጣቱ ራሱ ግን ብዙ አልጠቀመንም። «ጥሩ» እና «በጣም ጥሩ» የሚሉ ሳጥኖችን ሁሉም ሰው እንደፈለገው ይሞላቸዋል። የጠቀመን ናሙና ነው። ለየደረጃው አንድ አንድ እውነተኛ ድርሰት መርጠን ፋይል ውስጥ አስቀመጥን። አሁን የሚያወዛግብ ወረቀት ሲመጣ ከናሙናው ጎን አስቀምጠን «ከዚህ ይሻላል ወይስ ያንሳል?» እንላለን። ሰው ከባዶ ተነስቶ ቁጥር ከሚሰጥ ሁለት ነገር ቢያወዳድር ይቀለዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሉዊስ ተርስተን በ1927 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የማወዳደር ዘዴ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ሌላም ተስማማን። ስሕተቱ ትርጉሙን ካጠፋው ብዙ ይቀነሳል፤ ካላጠፋው ትንሽ። የሰዋስው ጥብቅና የቆሙት ጓደኞቻችን ይህን በቀላሉ አልዋጡትም። አሁንም የሚያጉረመርሙ አሉ።

ተማሪዎቹ ለውጡን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። «እሱ ማርክ ይለቃል፣ እሷ ትሰስታለች» የሚለው ወሬ ቀነሰ። ወረቀት ይዘው ሲመጡም «ለምን ቀነሱብኝ?» ማለት ትተው «አደረጃጀቱ ላይ ምን ጎደለኝ?» ማለት ጀመሩ። ለእኔ ከዋንጫ የሚበልጠው ይሄ ነው።

አንዱ የሌላውን እርማት ካየ በኋላ አንዱ የሌላው ክፍል መግባትም አላስፈራም። ቀድሞ «ልታዘብ ልግባ» ሲባል ኢንስፔክተር የመጣ ያህል ነበር የምንደነግጠው። አሁን እየገባን እንሰርቃለን፤ ዘዴ ማለቴ ነው። ከሰረቅኩት ሁሉ የምወደው አራት ሦስት ሁለት የሚባለውን የንግግር ልምምድ ነው። ተማሪው በአንድ ርዕስ ለአንድ ጓደኛው 4 ደቂቃ ይናገራል። ጓደኛ ይቀይርና ያንኑ በ3 ደቂቃ ይደግማል። ለሦስተኛው ሰው በ2 ደቂቃ ይጨርሳል። አድማጩ ስለሚቀየር ወሬው አይሰለችም። ሰዓቱ ስለሚያጥር ደግሞ «እ... እ...» የሚባልበት ፋታ የለም። በመጀመሪያው ዙር ጣሪያ ጣሪያ የሚያይ ልጅ በሦስተኛው ላይ እጁን እያወናጨፈ ሲያወራ ታዩታላችሁ። ጫጫታው ግን አይጣል ነው። አጠገባችን ያለው የሒሳብ መምህር በር ከፍቶ «ክፍል ነው ገበያ?» ብሎ ሄዷል። ልክ ነው። አርባና ሃምሳ ልጅ በአንዴ ሲናገር ሌላ ምን ይመስላል? አሁን ጠዋት ተነጋግረን እሱ ፈተና የማይሰጥበትን ሰዓት እንመርጣለን።

ንባቡ ላይ ገና ነን። መጻሕፍቱ ጥቂት ናቸው፤ አንዳንዱም ለልጆቹ ይከብዳል። ጥናቶች እንደሚሉት አንባቢ ያለ አስተማሪ እርዳታ ጽሑፍ በደንብ እንዲገባው ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ አለበት። ይህም ከ50 ቃል አንድ የማያውቀው ማለት ነው። ገጹ 250 ቃል ከያዘ አምስት ነው። ስለዚህ ልጆቹ መጽሐፍ ከመዋሳቸው በፊት አንድ ገጽ ያነባሉ። አዲስ ቃል ባጋጠማቸው ቁጥር አንድ ጣት ያጥፋሉ። አንድ እጅ አልፎ ወደ ሁለተኛው ከተሻገረ መጽሐፉ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ኩራት ይዟቸው ወፍራሙን የሚመርጡ አይጠፉም። እነሱን ዝም ብለን እናያቸዋለን፤ በሳምንቱ ራሳቸው ቀይረው ይመጣሉ።

አሁን የተቸገርነው በንግግር ፈተና እርማት ነው። ድርሰት ተባዝቶ ለሁላችንም ይደርሳል፤ ንግግር ግን አንዴ ከተነገረ አለቀ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ወላጆችንና ልጆቹን አስፈቅደን ጥቂት ንግግሮችን በስልክ ልንቀዳ አስበናል። ከዚያ እንደ ድርሰቱ ለየብቻ አርመን እናስተያያለን። የከበደን ነገር ፍጥነትንና ትክክለኛነትን ለየብቻ ማርክ እንስጣቸው ወይስ አንድ ላይ የሚለው ነው። በናንተ ዲፓርትመንት የሞከረው ካለ መመዘኛችሁን ብታካፍሉን ደስ ይለናል።