ቀብዱ የት ሄደ?

በ2016 ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። እዚህ ድሬዳዋ አንዲት የመጋላ ነጋዴ ሳቢያን ሰፈር ለሠራችው ቤት የኪችን ካቢኔት ፈልጋ መጣች። ሄጄ ለካሁ፣ ማታ ሒሳቡን አወጣሁ፣ በማግስቱ ካርቦን ባለው ፓድ ላይ «የኪችን ካቢኔት ሥራ ከነዕቃው፣ 96,000 ብር» ብዬ ጻፍኩላት። ፊርማ፣ ማህተም፣ አለቀ። ያኔ ፕሮፎርማ የምለው ይኼንኑ ነበር።

ሒሳቡ ራሱ እንከን አልነበረውም። አንድ ኤምዲኤፍ፣ ካቢኔቱ የሚሠራበት ሰሌዳ፣ 122 በ244 ሳንቲም ነው። የታችኛው ካቢኔት ጥልቀት 60 የሚሆነው 122ቱን ለሁለት ስትሰነጥቀው፣ መጋዙ የሚበላው ተቀንሶ፣ 60 እና 60 ስለሚወጣልህ ነው። እሷ ትልቁ ድስቷ እንዲገባ 65 ይሁን ብላ ነበር። 65 ከቆረጥክ ግን የሚተርፈው 57 እንኳ አይሞላም፣ ለታችኛው አይሆንህም፤ በ11 ኤምዲኤፍ የሚያልቀው ሥራ 14 ይጠይቃል። ወረቀት ላይ ሥዬ ሳሳያት ወዲያው ገባት። «ድስቱ መሬት ይቀመጥ» አለች። ነጋዴ እኮ ናት። ታዲያ ይህ ሁሉ ፕሮፎርማው ላይ የለም። 11 የሚለው ቁጥር ያለው እኔ ደብተር ላይ ብቻ ነው።

ሐምሌ 15 ቀብድ 48,000 ብር ሰጠችኝ። በዚያን ቀን አንዱ ኤምዲኤፍ 4,000 ብር ነበር፤ 11ዱን ገዝቼ ብር ይተርፈኝ ነበር። አልገዛሁም። የሌላ ሰው ቁም ሳጥን ዘግይቶብኝ ስለነበር የእሷን ብር ለዚያ ማጠፊያ፣ ለቫርኒሽና ለሁለቱ ልጆች ደሞዝ አዋልኩት። ቁም ሳጥኑን ሳስረክብ እተካዋለሁ ብዬ ነው። ይህን አድርጎ የማያውቅ አናጺ ካለ እጁን ያውጣ።

ሐምሌ 22፣ ሰኞ፣ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን አለ። 57 ብር የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ንግድ ባንክ 74 ገባ። ዕቃ መሸጫው ስሄድ ሱቁ ክፍት ነው፣ ኤምዲኤፉ ተደርድሮ ይታየኛል፣ ሰውየው ግን «የለም» ይላል። በዓይኔ እያየሁት! ከሳምንት በኋላ «አለ» ሲባል 5,500 ሆኖ ነው። በ11ዱ ላይ 16,500 ብር ልዩነት። የእጅ ዋጋዬ ደግሞ በጠቅላላው 26,000 ነበር፣ የረዳቶቹም ከዚያው የሚወጣ።

ከምሳ በኋላ ቤቷ ሄድኩ፤ በርጫዋ ላይ ነበረች። በዕድሜ እናቴን ትሆናለች፣ ግን ድሬ ነው፣ «አንቱ» ብላት የተቀየምኩባት ይመስላታል።

«ዶላሩን ሰምተሻል፤ ዋጋው ትንሽ ይስተካከል» አልኳት።

ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። ቀስ ብላ ፕሮፎርማውን ከፌስታል አወጣችና ገልበጥ አድርጋ ከጀርባውም አየችው።

«አቦ፣ ይኼ ወረቀት እስከ መቼ እንደሚሠራ አልጻፍክበትም። እሺ፣ እሱን ተወው። ቀብድ መቼ ሰጠሁህ?»

«ሐምሌ 15።»

«ዶላሩስ?»

«22።»

«እና ብሬ ሰባት ቀን ሙሉ ምን ሲሠራ ነበር?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ስለ ቁም ሳጥኑ ነገርኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ከስድብ ይብሳል። ከዚያ እንደ ነጋዴ ፈረደች። ለኤምዲኤፉ አንዲት ሳንቲም አትጨምርም፣ ምክንያቱም ገንዘቡን በጊዜው ሰጥታኛለች። ማጠፊያው፣ እጀታውና የመሳቢያው ስላይድ ግን በቀሪው ክፍያ የሚገዙ ስለሆኑ የጨመሩትን ያህል ደረሰኝ ካመጣሁ ትከፍላለች። ምን ልመልስ? ሠራሁት። ለእኔ የቀረኝን ባልናገር ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር ብቻ ያለው ፕሮፎርማ ከእጄ አይወጣም። ኤምዲኤፉ ስንት ፍሬ እንደሆነና ስንት ሚሊ እንደሆነ፣ ብረታ ብረቱ፣ የእጅ ዋጋው ለየብቻ ይጻፋል። ቀብዱን በግማሽ መጠየቅም ትቻለሁ፤ የኤምዲኤፉን ሙሉ ዋጋ ነው የምጠይቀው፣ ዕቃው በተከፈለ በማግስቱ እንደሚገዛም እጽፋለሁ። ከታች «ይህ ዋጋ የሚያገለግለው ለ7 ቀን ነው» ይላል። አንዳንድ ደንበኛ ይህን ሲያይ የማስፈራራው ይመስለውና ጥሎኝ ይሄዳል። ይሂድ።

ባለፈው ዓመት እሷው ለልጇ ቁም ሳጥን ልታሠራ ተመለሰች። ፕሮፎርማውን ተቀብላ ዋጋውን ሳታይ ዓይኗን ወደ ታች ጣለች። ሰባቱን ቀን በጣቷ ቆጠረች፣ ወረቀቱን አጥፋ ፌስታሏ ውስጥ ከተተችና «ስድስተኛው ቀን ላይ እመጣለሁ» ብላኝ ወጣች።