ሁለት ድምፅ፣ አንድ ጊታር

እኔና ጓደኛዬ ሁለት ሆነን ፎክ ሙዚቃ እንጫወታለን። እሷ ጊታር ትመታለች፣ እኔ አወጣለሁ፣ አዝማቹን አብረን እንላለን። የምንዘፍነው ስለ ፍትሕና ስለ ተፈጥሮ ነው። ብዙዎች «ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» ይሉናል። ወንዝ ሲበከል መጀመሪያ የሚታመመው ንጹሕ ውሃ መግዣ ያጣው ሰው ነው። የሚቀዳው ከዚያው ነዋ።

እዚህ ላይ ፒት ሲገርን በጣም አደንቃለሁ። ለሠራተኞችና ለጥቁሮች መብት ሲዘፍን የኖረ አሜሪካዊ ነው። የተበከለው የሃድሰን ወንዝ እንዲጸዳ ከወዳጆቹ ጋር በኮንሰርት ገንዘብ አሰባስቦ ክሊርዋተር የተባለች የሸራ መርከብ አሠራ። መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ጀመረች።

ግጥም ስንጽፍ ትልልቅ ቃላትን እንሸሻለን። የወንዙ ዘፈናችን የተነሳው አንዲት ሴት ካጫወተችን ነገር ነው። ልብስ የምታጥበው ከላይ የሚመጣውን አረፋ በክንዷ እየገፋች ነው። ያ ክንድ አዝማቹ ውስጥ ገባ። ግጥሙን ከማንም በፊት ለእሷ አነበብንላት። አንዱ ስንኝ ላይ ስንደርስ «ይሄ እኮ ምስኪን ያስመስለኛል» አለች። ወዲያው አወጣነው። ከዚያ ወዲህ የታሪኩ ባለቤት ያልሰማው ዘፈን መድረክ ላይ አይወጣም።

ድምፅ ማስማማቱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የእኔ ድምፅ ወፍራም፣ የእሷ ቀጭን ነው። ካፖውን፣ ማለትም ክሮቹን በአንዴ የሚጫነውን መቆንጠጫ፣ በጊታሩ አንገት ላይ ፍሬት በሚባሉት ቀጫጭን ብረቶች መሃል አንድ በአንድ እናወጣዋለን። አንድ ፍሬት በወጣ ቁጥር ድምፁ በግማሽ ቶን ይቀጥናል፤ ግማሽ ቶን በጊታር ላይ ትንሿ የድምፅ እርምጃ ናት። ሁለታችንም ሳንጮህ የምንዘፍንበት ቦታ ስንደርስ እናቆማለን። ሃርመኒ፣ ማለትም ከዜማው ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ድምፅ፣ በየስንኙ አናስገባም፤ ቃሉ ጥርት ብሎ መሰማት አለበት። ታሪኩን አንዳችን ብቻ እንናገራለን። ሁለተኛው ድምፅ አዝማቹ ላይ ሲገባ ሰሚውም አብሮ ለመግባት ይደፍራል። ሁለተኛው ዙር ላይ ሰው ካልተቀበለን አዝማቹ ረዝሟል ማለት ነው፤ እናሳጥረዋለን።

ሜዳ ላይ ስንጫወት ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ የለም። ስለዚህ ሰዉ ጠጋ ብሎ እንዲቀመጥ እንለምናለን። ሁለታችንም አንድ ማይክ ላይ ነን፤ ድምፃችንን የምናመጣጥነው በመጠጋትና በመራቅ ነው።

አሁን ስለ ደን እየሠራን ነው። ሐሳቡ የጓደኛዬ ነው፤ «ጊታሩ ራሱ እንጨት አይደል? እሱም ይግባ» አለች። እውነቷን ነው። የብራዚል ሮዝውድ የተባለው እንጨት ለጊታር ጀርባና ጎን በጣም ተፈላጊ ነበር። ዛፉ እየተመናመነ ስለሄደ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ሳይተስ በተባለው፣ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ስምምነት በጥብቅ ተገድቧል። ዜማው አልቋል። ግጥሙን ግን አልጀመርነውም፤ መጀመሪያ ደን ውስጥ የሚኖር ሰው አግኝተን ማድመጥ አለብን።