ከቢሮዬ በፊት ወደ መጋዘኑ
በ2009 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ ሄጄ የአንድ መሠረታዊ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ስቀጠር፣ ይዤ የሄድኩት የሒሳብ አያያዝ ዲግሪና ጥቂት ዓመት የኦዲት ልምድ ነበር። መዝገብ አገላብጬ ስሕተት ማውጣት አያቅተኝም ነበር፤ ሰው ማሠራት ግን ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ገና አላወቅሁም።

ያወቅሁት በዚያው ዓመት በሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው። በበዓሉ ቀን ሞፈር ያልጨበጠው ገበሬ ሁሉ በነጋታው አህያውን እየነዳ ለማዳበሪያ ስለመጣ፣ ሰልፉ ከበሩ አልፎ እስከ መንገዱ ደርሶ ነበር። የመጋዘኑ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ቢን ካርድ ከክምሩ ጋር ሳመሳክር ስምንት ከረጢት፣ ማለትም አራት ኩንታል፣ ኤን ፒ ኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ጎደለ። የመጋዘን ሠራተኛውን፣ አገሩ ሁሉ «አያ» እያለ የሚያከብራቸውን ሽማግሌ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አራት ኩንታል እግር አውጥቶ ሄደ?» ብዬ ጮኽኩባቸው። እርሳቸውም ቀና ሳይሉ «ጌታዬ፣ ደረሰኙን ደግመው ይመልከቱት» አሉኝ። ማታ የወጪ ደረሰኙን አገኘሁት። ስምንቱን ከረጢት ለሠርቶ ማሳያ ማሳ እንዲወጣ የፈረምኩት እኔው ነበርኩ፤ ወረቀቱም በገዛ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

ይቅርታ ለመጠየቅ አፈርኩና ዝም አልኩ። ዝምታው ያስከፈለኝን ያየሁት በሐምሌ ነው። በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባው ውኃ 26 ከረጢት ዩሪያ አርሶ፣ ማዳበሪያው እንደ ድንጋይ ረግቶ ተገኘ። ዩሪያ እርጥበት እንደሚስብ ከሠራተኞቹ መካከል የማያውቅ አልነበረም፤ ጣሪያው ማፍሰስ ከጀመረም ሳምንት አልፎት ነበር። ከጫኝና አውራጆቹ አንዱን ለምን እንዳልነገረኝ ብጠይቀው፣ «የነገረ ሰው ያጠፋ ይመስላል ብዬ ነዋ» አለኝ። ያ መልስ ከ13 ኩንታሉ ኪሳራ ይልቅ ቆጨኝ፤ እንዲያ እንዲያስብ ያደረግሁት እኔ ነበርኩና።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሰልፈኛውና ሠራተኛው ባለበት ቆሜ፣ ደረሰኙን በእጄ ይዤ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። ሽማግሌው ጥቂት ቆዩና «ይሁን ልጄ፣ ሰው ነህ» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ «ጌታዬ» ብለውኝ አያውቁም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ያደረግሁት ነገር ቀላል ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቢሮዬን ሳልከፍት፣ መጀመሪያ ወደ መጋዘኑ እሄድ ነበር። የምሄደው ለቆጠራ አልነበረም፤ «ትናንት እኔ ያልሰማሁት ምን ነገር አለ?» ብዬ ለመጠየቅ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መልሱ ሁልጊዜ «ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር። ችግሩ በከፊል ከእኔ ጥድፊያ የመጣ ነው፤ ጎጃም ውስጥ ሰላምታ ከብቱን፣ ልጁን፣ ዝናቡን ሁሉ ሳይዳስስ አያልቅም፤ ዋናው ወሬ የሚመጣው ደግሞ ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ ግን በኦዲተር ልማዴ ሰላምታውን ከመካከል ቆርጬ እሄድ ነበር። ተቀምጬ እስኪጨርሱ መጠበቅ ስጀምር ነገሩ ተለወጠ። ኅዳር ላይ የበቆሎ ግዢ ስንጀምር፣ ያው ጫኝና አውራጅ ወደ ጎን ወስዶ «ሚዛኑ ባዶውን ሁለት ኪሎ ይላል» አለኝ። አመስግኜው ግዢውን አስቆምኩና ሚዛኑን አስተካከልን። በሰኔው ጠባዬ ብሆን ኖሮ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ነካው?» ብዬ ነበር።

ሁለተኛው ልማድ ደብተር ነበር። ለሰው የገባሁትን ቃል ሁሉ ከነቀኑ እጽፍና ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አየው ነበር። ይህን ያመጣው «ነገ ና» የሚባለው የቢሮ በሽታ ነው። በቆሎ ጉልበት ድረስ ሲያድግ ዩሪያ የሚፈልግ ሰብል ስለሆነ፣ ገበሬው በ«ነገ ና» ሁለት ሳምንት ከተመላለሰ የዓመት ልፋቱን ይጎዳዋል። ስለዚህ በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ አስቀምጠን የመጣውን ከረጢት ብዛት፣ የየትኛው ጎጥ ተራ እንደሆነና መኪና ከዘገየም ምክንያቱን እንጽፍበት ጀመር፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ጥበቃው ጮክ ብሎ ያነብላቸው ነበር። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ስለዚህ በሰልፉ ጫፍ ላይ ዝናብ የሚመታው ሰውና የቦርዱ ሊቀ መንበር በጉባኤ እኩል ናቸው፤ እኔ ደግሞ የሁለቱም ቅጥር ሠራተኛ ነበርኩ። ይህን ማስታወስ «ነገ ና» ከማለት በፊት አፌን ይይዘኝ ነበር።

የበዓላትን ቀን ማወቅም ረድቶኛል። በ12፣ በ21 እና በ29 ገበሬው ለክፍያና ለምዝገባ ስለሚመጣ ገንዘብ ያዥዋ ፈቃድ አትወጣም ነበር፤ በማግስቱ ደግሞ ተጨማሪ ጫኝና አውራጅ አስጠራ ነበር። ለዚህ ሥልጠና አያስፈልግም፤ ካላንደር ማየት ይበቃል።

ያልተሳካልኝም አለ። ሁሉም ወረቀት በእኔ ፊርማ እንዲወጣ ማድረጉን ለረጅም ጊዜ አልተውኩም፤ ለስብሰባ ባሕር ዳር አምስት ቀን ስቆይ ሥራው ቆሞ ጠበቀኝ። ተመልሼ ለገንዘብ ያዥዋ ውክልና ስሰጣት፣ ከእኔ ይልቅ ቶሎ ቶሎና በጥንቃቄ እንደምትሠራ አየሁ።

በ2013 ዓ.ም. ስለቅ ለተተኪዬ ቁልፉን፣ ቢን ካርዶቹንና ያንን ደብተር አስረከብኩ። በደብተሩ ያልፈጸምኳቸው ሦስት ቃሎች ቀርተው ነበር። ሽማግሌው ከትከሻዬ በላይ ሆነው ደብተሩን ያዩ ነበርና፣ «የጣሪያው አሽንዳም አለ እኮ፣ እሱን አልጻፍከውም» አሉኝ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ አራተኛ አድርጌ ጻፍኩት።