ጠጠሩን ከማፍሰሳችን በፊት

ቨርጂኒያ ውስጥ ትንሽ የአርቪ ካምፕ አለን፤ አርቪ የሚባለው ሰው እየተጓዘ የሚያድርበት፣ ቤት መሰል መኪና ወይም ተሳቢ ነው። ባለፈው ሐሙስ አንድ እንግዳ ከሻርለትስቪል ከተማ ደወለልኝ። "ወንድሜ፣ ተራራውን እያየን በስካይላይን ድራይቭ ብንመጣ ምን ይመስልሃል?" አለኝ። "የተሳቢህ ቁመት ስንት ነው?" አልኩት። አያውቅም። "እንግዲያው ሜትር አውጣና ጣራው ላይ ካለው ኤሲ ጭምር ለካው፤ ከዚያ መልሰህ ደውል።" በዚያ መንገድ ላይ ሜሪስ ሮክ የሚባል ዋሻ አለ፤ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ብቻ ነው። ሲለካው 13 ጫማ ሆነ። ቤተሰቡን ይዞ በታችኛው መንገድ መጣ።

አሥራ አራት ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ። በፈረንጆቹ 2019 እኔና ባለቤቴ ከሉሬይ ከተማ ወጣ ብሎ ሰባት ኤከር ተዳፋት መሬት ገዛን። የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ካምፖች ለአርቪ ቦታ አላቸው፤ ግን መብራትና ውኃ የሚገናኝበት የላቸውም። ፓርኩን የሚወድ ሰው ልጆቹን ይዞ ሦስት ቀን ሲቆይ ይቸገራል። እኛ ስድስት ቦታ፣ መብራትና ውኃ ያለው፣ ጸጥ ያለ ነገር ለመሥራት ተነሣን።

መጀመሪያ ያደረግነው እንጨት ቸክለን ሲባጎ መወጠር ነው። ከዚያ የጓደኛዬን 32 ጫማ ተሳቢ ተውሼ ወደ እያንዳንዱ ቦታ በኋላ ማርሽ አስገባሁት። ባለቤቴ ባትሪ ይዛ ትመራኛለች፤ ሆን ብዬ በምሽት ነው የሞከርኩት፣ ብዙ እንግዳ ከመሸ ስለሚደርስ። ሾፌር በግራው በኩል ወደ ኋላ ሲገባ በመስኮቱ የተሳቢውን ጎን ያያል፤ በቀኝ ከሆነ ግን ጨለማ ነው። ስለዚህ መንገዱን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር አድርገን ስድስቱንም ቦታዎች በግራ በኩል፣ ገደድ አድርገን ሠራናቸው። ሁለት ችካል ሦስት ጊዜ ነቅለን ተክለናል። ችካል መንቀል ዋጋ የለውም፤ የፈሰሰ ጠጠር ማንሣት ነው የሚያደኸየው።

ቢሆንም በጠጠሩ ተሳስቻለሁ። ሣሩ ላይ እንዳለ አፈሰስኩት። እዚህ ከላዩ ለስላሳ አፈር፣ ከሥሩ ቀይ ሸክላ ነው፤ ክረምቱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ ሁለተኛው ቦታ ላይ የቆመ ተሳቢ በአንድ ሌሊት እስከ ጎማው ቸርኬ ሰመጠ። ባልና ሚስቱ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፣ እኔ ግን ያን ቀን ምግብ አልበላሁም። በበጋው የላዩን አፈር ጠርገን አወጣን፣ አፈሩና ድንጋዩ እንዳይቀላቀሉ የሚለየውን ጨርቅ አነጠፍን፣ ከሥር ትልልቅ ድንጋይ፣ ከላይ የድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት ጠጠር አድርገን በሮለር ደመደምነው። ከላይ በኩል ቦይ ቆፈርን። አሁን ዝናብ ሲዘንብ ካፖርቴን ደርቤ ወጥቼ ውኃው በቦዩ ሲሄድ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል።

መብራት ላይ ለሚሠራ ሁሉ አንድ ነገር ልንገር። የአርቪ 30 አምፔር ሶኬት 120 ቮልት ነው። ቅርጹ ግን የልብስ ማድረቂያ ሶኬት ስለሚመስል፣ ቤት ብቻ መዘርጋት የለመደ ባለሙያ 240 አድርጎ ሊያገናኘው ይችላል። የእኛም ባለሙያ አንዱን እንዲያ አድርጎት ነበር። ማንም ሳይሰካ ስድስቱንም በመልቲሜትር፣ በቮልት መለኪያው፣ ልየው ብዬ አራተኛው ጋ ስደርስ፣ ሁለቱን መርፌ እንዳስገባሁ 243 አለኝ። እጄ ቀዘቀዘ። አንድ ቤተሰብ ቢሰካበት ኖሮ ኤሲው፣ ማይክሮዌቩ፣ ቴሌቪዥኑ በአንድ አፍታ ይቃጠላል። እባካችሁ፣ ወረቀቱ ቢፈረምም ራሳችሁ ለኩ።

ፍሳሹን በየቦታው አልዘረጋንም፤ መውጫው አጠገብ አርቪዎቹ የቆሻሻ ታንካቸውን የሚያፈስሱበት አንድ ማራገፊያ ነው ያለን። ከጤና መሥሪያ ቤቱ ያገኘነው ፈቃድም ለዚያ ነው፣ አፈሩም ከዚያ በላይ አይችልም።

ዛፎቹ ግን አሳዝነውኛል። የላይኛው ጥግ በሙሉ አሽ የሚባለው ዛፍ ነበር፤ ልጡን ከውስጥ የሚበላው አረንጓዴ ጥንዚዛ ጨርሶታል። የደረቀ አሽ ቅርንጫፉ ሳይታሰብ ይሰበራል፣ ሰው የሚተኛበት ላይ ማቆየት አይቻልም። አሥራ ዘጠኙን አስቆርጠን ማገዶ አደረግናቸው። እንግዶቼን ማገዶ ከሩቅ ይዛችሁ አትምጡ የምለውም ለዚሁ ነው፤ ጥንዚዛው የሚጓዘው በእንጨት ውስጥ ነው። ከየካቲት 15 እስከ ሚያዝያ 30 በፈረንጆቹ ደግሞ፣ ጫካ አጠገብ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት እሳት ማንደድ በቨርጂኒያ ሕግ ክልክል ነው። ሥጋ ይዘው በጠዋት ለሚመጡ ወገኖቼ ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም።

አምና ከአሌክሳንድሪያ አንዲት እናት ከልጆቻቸው ጋር መጡ። ኤሲው እየሠራ፣ ማይክሮዌቩ ወጥ እያሞቀ፣ እሳቸው የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን ሰክተው ጋገሩ። ሦስተኛዋ እንጀራ ላይ መብራቱ ጠፋ። 30 አምፔር ማለት 3,600 ዋት ነው፣ ሦስቱን አንድ ላይ አይሸከምም። ብሬከሩን ልመልስ ስሄድ አክንባሎውን ከፍተው ጥሬዋን እንጀራ ያያሉ።

"ልጄ፣ ይኼ መብራት ምጣድ አይችልም እንዴ?"

"እማማ፣ ኤሲውን እናጥፋውና ይችላል።"

"በዚህ ሙቀት?"

ልክ ነበሩ። በዚያው መስከረም አምስተኛውንና ስድስተኛውን ቦታ ወደ 50 አምፔር አሳደግን፤ ሽቦው ወፍራምና ውድ ነው፣ ከቆጣሪው እስከዚያ አዲስ ቦይ አስቆፍሮናል። ይኸው ዘንድሮ ቅጠሉ ቀለም በሚቀይርበት በጥቅምት ሊመጡ ደውለዋል። አምስተኛውን ይዤላቸዋለሁ።