ከልጄ መምህርት ጋር የተነጋገርንበት ቀን

ዛሬ ከሥራ በጊዜ ወጥቼ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን ልጄን መምህርት ለማነጋገር ሄጄ ነበር። ከተመደበልኝ 15 ደቂቃ አብዛኛው ያለቀው ባለቀለሙ የፈተና ውጤት ሰንጠረዥ ሲብራራልኝ ነው። «ሳይንስስ?» ብዬ ስጠይቅ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ፈተናው እስኪያልፍ ሰዓቱ ለንባብና ለሒሳብ ልምምድ መሰጠቱን ነገረችኝ። ልጆቹ በፕላስቲክ ኩባያ የዘሩት ባቄላ መስኮቱ ሥር ደርቆ ቆሟል።

በእርሷ አልፈርድም። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረሙት «ማንም ልጅ ወደ ኋላ አይቀርም» የተባለው ሕግ፣ ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ ፈተና እንዲሰጥ አዝዞ፣ እስከ 2014 ድረስ ተማሪው ሁሉ (አዎ፣ አንድም ሳይቀር) ብቁ እንዲሆን ይጠብቅ ነበር። በ2015 በሌላ ሕግ ሲተካ፣ ውጤታቸው ዝቅ ባለ ትምህርት ቤቶች ላይ ይጣል የነበረው ቅጣት ቢላላም ዓመታዊው ፈተና ግን እንዳለ ቀጠለ። ይበልጥ የሚከነክነኝ ደግሞ፣ የትምህርት ቤቶች በጀት ትልቅ ድርሻ ከአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር የሚሰበሰብ ሆኖ ሳለ፣ የባለጸጋው ሰፈር ልጅም የድሃው ሰፈር ልጅም በአንድ ዓይነት ፈተና መመዘናቸው ነው።

ማታ ከጓዳ ጥቂት ባቄላ አውጥተን፣ እኔና ልጄ በረጠበ ጥጥ ላይ ዘራን።