ለጋሼ የምሰማላቸው ወፍ

ቶኪዮ ውስጥ መጸው መግባቱን የሚያበስረኝ ሞዙ የሚባል ወፍ ነው። መስከረም ላይ፣ ሙቀቱ ገና ሳይለቅ፣ የመብራት ሽቦ ወይም የዛፍ ጫፍ ላይ ይወጣና ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። «ይህ ሰፈር የእኔ ነው» ማለቱ ነው። ከድንቢጥ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ምንቃሩ ግን የአዳኝ ምንቃር ነው፣ ጫፉ ጎበጥ ያለ። አንበጣ፣ እንሽላሊት፣ ትንንሽ እንቁራሪት ይይዝና እሾህ ላይ ሰክቶ ይሄዳል። ለምን እንደሚሰካው ሰዎች ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት ደስ የሚል መልስ ሰጠ። ወንዱ የሰካውን በብዛት የሚበላው ጥር አካባቢ፣ የመራቢያው ወቅት ሊደርስ ሲል ነው። ብዙ የበላው ፈጠን አድርጎ ይዘምራል። ፈጠን አድርጎ የዘመረው ደግሞ ሚስት ያገኛል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እሾህ ላይ የደረቀ አንበጣ ባየሁ ቁጥር ቆም ብዬ ፎቶ አነሳዋለሁ። ወፉ ባይኖርበትም የወፉ ፎቶ ነው።

የምኖረው ካትሱሺካ ወረዳ ነው። ቶኪዮ ያለን ሐበሾች ብዙዎቻችን እዚሁ አካባቢ ነን፤ እንጀራ ሲያምረኝ ሩቅ አልሄድም። ወረዳው ጫፍ ላይ ሚዙሞቶ የሚባል ትልቅ ፓርክ አለ። ውሃው ሰፊ ነው፣ ሸምበቆ አለው፣ ወፍ ማያ የእንጨት ግርዶሾችም ተሠርተውለታል። ሌሎች ቅዳሜ ጠዋት ሲተኙ እኔ እዚያ ነኝ።

ዘንድሮ 41 ሞላኝ። የካሜራዬን ሜኑ ለማንበብ እጄን ዘርግቼ ማራቅ ጀምሬያለሁ። ሩቁ አሁንም ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ ከውሃው ማዶ ያለ ዳክዬ ላባው ሳይቀር ይለየኛል። እጄ ላይ ያለው ነው የሚደበዝዝብኝ። የዓይን ሐኪሟ ምንም በሽታ የለብሽም አለችኝ። ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ከእድሜ ጋር እየደረቀ ስለሚሄድ ቅርብ ላለው ነገር እንደ ልቡ አይታዘዝም። ትልቁን ሌንሴንም ሸጥኩት። ከሦስት ኪሎ በላይ ነበር፤ ትከሻዬ ማታ ማታ ይነግረኝ ነበር። አሁን የያዝኩት ቀለል ያለ ነው፤ ወፉን ያን ያህል አያቀርብልኝም። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ግን ተስማምቶኛል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እጽፈዋለሁ።

መስከረም ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር በመኪና ናጋኖ ሄድን። ማትሱሞቶ አካባቢ፣ ከኖሪኩራ ተራራ አጠገብ፣ ሺራካባ የሚባል የተራራ በር አለ። ከፍታው ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። ከሰሜንና ከምሥራቅ የሚመጡ ጭልፊቶች ወደ ደቡብ ሲወርዱ በዚያ በር ያልፋሉ። በብዛት የሚያልፉት ሳሺባ እና ሃቺኩማ የሚባሉት ናቸው። ሃቺኩማ የተርብ ቤት ቆፍሮ እጮቹን የሚበላ ነው። ጥሩ ቀን ሲሆን ከ1,000 በላይ ጭልፊት ያልፋል። ሰዉ ተዳፋቱ ላይ ወንበሩን ዘርግቶ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ መቁጠሪያውን ይዞ ይቀመጣል። ፀሐይ ሸለቆውን ስታሞቀው ሞቃት አየር ወደ ላይ ይነሳል። ጭልፊቶቹ እዚያ አየር ውስጥ ገብተው ክንፋቸውን ሳያራግቡ እየዞሩ ይወጣሉ፣ ይወጣሉ። ወፍ አዋቂዎቹ ይህን «የጭልፊት ዓምድ» ይሉታል። ከላይ ሲደርሱ አንድ በአንድ ከዓምዱ እየወጡ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይንሸራተታሉ።

ፎቶው? ነጥብ ነው። ሰማያዊ ሰማይ ላይ የተበተኑ ነጥቦች። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ካሜራቸውን አስቀምጠው በዓይናቸው ነበር የሚከተሉት፤ እኔም ተውኩት። ግን እነዚያ ነጥቦች የት እንደሚሄዱ ማወቅ ይቻላል። በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት የወፍ ተመራማሪ ሂሮዮሺ ሂጉቺ ናጋኖ ውስጥ ሃቺኩማዎች ጀርባ ላይ የሳተላይት መከታተያ አስረው መንገዳቸውን ካርታ ላይ አውጥተውታል። በመጸው ወደ ምዕራብ ጃፓን ይሄዱና ከጎቶ ደሴቶች ተነስተው የምሥራቅ ቻይናን ባሕር በአንድ ትንፋሽ ያቋርጣሉ። ከዚያ በቻይና፣ በማሌይ ልሳነ ምድር አድርገው እስከ ኢንዶኔዥያ ይወርዳሉ። በፀደይ ሲመለሱ ግን ባሕሩን ትተው በኮሪያ በኩል ይዞራሉ። የሄዱበት መንገድና የተመለሱበት መንገድ አንድ አይደለም። ካርታውን ስልኬ ላይ ከፍቼ ቀና ስል፣ ያ ነጥብ ባሕር ሊሻገር የተነሳ ፍጡር መሆኑ ሆዴን አባባው። በሠላሳዎቹ ውስጥ ብሆን ቀርቦ ያልተነሳ ወፍ አያረካኝም ነበር።

ጥቅምት ሲገባ ደግሞ መንገደኞቹ ትንንሽ ወፎች ከተማው ውስጥ ይወርዳሉ። ፓርኮቹ ውስጥ ሚዙኪ የሚባለው ዛፍ ጥቁር ፍሬ ያፈራል፤ ዝንብ ያዥዎቹ ወፎች እዚያ ላይ ለጥቂት ቀን ስንቅ ይይዛሉ። ትንሽ ቆይቶ ጆቢታኪ ከዋናው አህጉር ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ወንዱ ሆዱ ብርቱካንማ ነው፣ ክንፉ ላይ ነጭ ነጥብ አለው። ሴቷ ቡናማ ናት፣ ዓይኗ ትልቅና ጥቁር። ክረምቱን አብረው አያሳልፉም። እሷም የራሷን ሰፈር ትይዛለች፣ ብቻዋን ትጠብቃለች፣ የገባባትን ሁሉ ታባርራለች። የቆመ መኪና መስታወት ላይ የራሷን ምስል ካየች እሱንም ትደበድባለች። እኔ ከወንዱ ይልቅ እሷን ነው የምወዳት።

እዚህ ላይ አንድ የማልወደውን ነገር ልናገር። አንዳንድ ፎቶ አንሺዎች ያማረ ቅርንጫፍ ያቆሙና ትል ያስቀምጡበታል። ጆቢታኪዋ ትሉን ልትበላ ስትመጣ ካሜራው ሁሉ ይንጣጣል። ፎቶው ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ግን ወፏ በራሷ መንገድ ስትኖር አይደለም ያየናት፤ እኛ ያዘጋጀንላት መድረክ ላይ ነው። ተሰብሳቢው ሲበዛ የምታርፍበት ታጣለች። ወፍ የሚወድ ሰው ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ቢሄድ ምን ይጎድልበታል? አዲሱ ሌንሴ የተስማማኝም ለዚህ ነው። አሁን የማነሳው ፎቶ ውስጥ ወፏ ትንሽ ናት። ዙሪያዋን ሸምበቆው፣ የባቡር ድልድዩ፣ ልብስ የተሰጣበት በረንዳ አለ። ፎቶውን ያየ ሰው የት እንደምትኖር ያውቃል።

ጃፓን ውስጥ ወፍን በመስክ ቆሞ ማየት ራሱ ብዙ የቆየ ልማድ አይደለም። ሰዉ ዘማሪ ወፍ በጎጆ ዘግቶ ያሳድግ ነበር፣ በመረብ ይዞም ይበላ ነበር። ጎዶ ናካኒሺ የሚባሉ የቡድሃ መነኩሴና ገጣሚ ናቸው እ.ኤ.አ. በ1934 የጃፓን የዱር ወፎች ማኅበርን ያቋቋሙት። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የፉጂ ተራራ ግርጌ ሱባሺሪ ላይ ሰው ሰብስበው ወፍ አሳዩ። የመስክ ወፍ በመስክ ይኑር ነበር የሳቸው ነገር። ሚዙሞቶ ውስጥ በጠዋት የማገኛቸው ሽማግሌዎች ሁሉ የዚያ ቀን ልጆች ይመስሉኛል። አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ናቸው። እነሱ መሃል እኔ ገና ልጅ ነኝ። እድሜ እየሄደ መሆኑን መስታወቱ ይነግረኛል፤ ፓርኩ ስገባ ደግሞ «ወጣቷ መጣች» ይሉኛል።

ከእነሱ አንዱን በልቤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በአፌ የምጠራቸው እንደ አገሩ ደንብ በቤተሰብ ስማቸው ነው። ሰባዎቹ ውስጥ ናቸው። ጥድ ዛፎቹ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። በደረት ኪሳቸው የሚይዟት ትንሽ ማስታወሻ አለቻቸው፤ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይመዘግባሉ። ሥራ ላይ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ነው አሉ፤ ቤታቸው በሳጥን ተደርድሯል።

ኅዳር ላይ ኪኩይታዳኪ ከተራራ ወደ ቆላ ይወርዳል። የጃፓን ትንሿ ወፍ ናት፤ ክብደቷ አምስት ግራም ግድም ነው። አናቷ ላይ ቢጫ መስመር አላት። ጥድ ጫፍ ላይ ስለምትርመሰመስና ስለማትረጋ፣ የምትገኘው መጀመሪያ በድምፅዋ ነው። ድምፅዋ ደግሞ እጅግ ቀጭን ነው፣ ከ7,000 ኸርዝ ይበልጣል። ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚያጣው እንዲህ ያለውን ቀጭን ድምፅ ነው። ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ደቃቅ ፀጉሮች አንዴ ከጠፉ ተመልሰው አይበቅሉም፤ የቀጭኑ ድምፅ ተቀባዮች ደግሞ መግቢያው ላይ ስላሉ ቀድመው ያልቃሉ።

ጋሼ እንዴት እንዳወቁት ነገሩኝ። የሆነ ዓመት ኪኩይታዳኪዎቹ የቀሩ መሰላቸው። በየሳምንቱ እየመጡ ጥዱ ሥር ይቆማሉ፣ ምንም የለም። ማስታወሻቸው ላይ «ዘንድሮ አልመጡም» ብለው ጻፉ። አንድ ቀን ከልጁ ጋር የሚያልፍ ሰው ነበር። ልጁ ቀና ብሎ «ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለ። ጋሼ ባይኖኩላራቸውን አነሱ። ዛፉ በወፍ ተሞልቷል።

ይህን ሲነግሩኝ አላዘኑም። እኔ ነኝ ምን እንደምል የጠፋኝ። ከዚያ ወዲህ አግዳሚዋ ጋ ስደርስ «ዛሬ አሉ?» ይሉኛል። ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። «አሉ፣ ከግራ ሁለተኛው ጥድ፣ ከላይ» እላለሁ። ባይኖኩላሩን ያነሳሉ። ከእኔ ቀድመው ነው የሚያገኟት፤ ዓይናቸውና የስንት ዓመት ልምዳቸው የትም አልሄደም። ማስታወሻቸው ላይ ይጽፉና አጠገቡ ትንሽ ክብ ያደርጋሉ። ክቧ በሌላ ሰው ጆሮ ተሰማ ማለት ነው።

ተራው የእኔ እንደሚሆን አውቃለሁ። ባለፈው ግንቦት ጫካ ውስጥ ያቡሳሜ የሚባለው ወፍ ሲዘምር ሌሎቹ ቀድመው ቀና አሉ። ድምፁ ከኪኩይታዳኪም ይቀጥናል፤ ለማያውቀው የሣር ነፍሳት ነው የሚመስለው። እኔ ቆይቼ ነው የሰማሁት፣ ያውም ጨረፍታውን። የዚያን ቀን ቤቴ ገብቼ ልቤ አልረጋም ነበር። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ የማቀዝቀዣውን ድምፅ፣ የሰዓቱን ድምፅ እያዳመጥኩ አመሸሁ።

ከእናቴ ጋር በስልክ ስናወራም አሁን ሁለቴ ነው የምናገረው። «እ?» ትለኛለች። ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ድሮ ከማዕድ ቤት ሆና በር ላይ የቆመውን በኮቴው ትለይ የነበረች ሴት ናት። ለመስቀል ደውዬላት «አንቺ ልጅ፣ የመስቀል ወፍ ሆንሽብኝ እኮ» አለችኝ። እሷ ጋ አደይ ሲፈነዳ እኔ ጋ ቅጠል መርገፍ ይጀምራል። በዓመት አንዴ ብቅ ማለቴ ለሷ እንደማይበቃት ዘንድሮ ገብቶኛል። ጆሮዋ እየሰማ ሳለ ብዙ ማውራት አለብን። ለገና አገር ቤት እሄዳለሁ፤ ትኬቱን ቆርጫለሁ። የሠራሁትን የወፍ ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ይዤላት ነው የምሄደው፤ ስልክ ላይ ማየት አትወድም።

ከዚያ በፊት ግን ኢዙኑማ አለ። ሚያጊ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው፤ ግንባራቸው ነጭ የሆኑ ዝዮች ከሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ መጥተው ይከርሙበታል። በአደን ብዛት ጃፓን የሚመጡት ጥቂት ሺህ ብቻ ቀርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ማደን ከተከለከለ ወዲህ ቁጥራቸው አገግሞ ከ100 ሺህ አልፏል። ሌሊቱን ውሃው ላይ ያድራሉ። ጎህ ሲቀድ ለቀማ ወደ ሩዝ ማሳው ለመሄድ ሁሉም በአንዴ ይነሳሉ። ያን ጊዜ የሚሰማው ጩኸት እ.ኤ.አ. በ1996 የጃፓን መንግሥት ሊጠበቁ ይገባቸዋል ብሎ ከመረጣቸው 100 ድምፆች አንዱ ነው።

ጋሼን ይሄዱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ገና ጥያቄዬን ሳልጨርስ «የዝይ ድምፅ ወፍራም ነው፣ እሱን ራሴ እሰማዋለሁ» አሉኝ። ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ለመገኘት ከቶኪዮ በመጀመሪያው ባቡር ብንነሳ አይደረስም፤ አንድ ሌሊት እዚያ ማደር ግድ ነው። ባለቤታቸውም ይመጣሉ። ማደሪያውን እሳቸው ይይዛሉ፣ ቡናውን እኔ ቆልቼ በፔርሙስ ይዤ እመጣለሁ ተባብለናል። ካሜራውን እወስዳለሁ፤ ዝዮቹ ሲነሱ ግን ሁለቱም እጆቼ ባዶ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ።