«አላገኘሁትም» የሚለው መልስ

በሰው ሠራሽ አስተውሎት አማካሪነት ስሠራ ከደንበኞች ጋር አብዝቼ የምከራከረው ስለ አንዲት አጭር መልስ ነው፤ «ከተረጋገጡት ሰነዶች ውስጥ አላገኘሁትም፤ እባክዎ የሰው ኃይል ክፍሉን ይጠይቁ» ስለምትለዋ። ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ቢሮ ባለው አንድ ድርጅት ውስጥ በእሷ ምክንያት የተነሣው ክርክር እስካሁን ይከነክነኛል።

ሥራችን ሠራተኞች ስለ ፈቃድ፣ ስለ አበልና ስለ ዲሲፕሊን በስልካቸው የሚጠይቁት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ረዳት ፕሮግራም ማዘጋጀትና የክፍሉን ባልደረቦች ማሠልጠን ነበር። በሙከራው ሰሞን ረዳቱ «አላገኘሁትም» ማለት አበዛ። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሥልጠናው መሀል ገብተው፣ «ይህን ሁሉ ገንዘብ የከፈልነው አላገኘሁም እንዲለን ነው? ቦርዱ ፊት እንዲህ ቢል ያዋርደናል፤ ምንጊዜም መልስ እንዲሰጥ አድርጉት» አሉ። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ወዲያው እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ሰደደ። በሥራ ላይ መሆኑ ካልተረጋገጠ ሰነድ እንዳይመልስ የሚከለክለውን አንድ መስመር መሰረዝ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ልዩነቱን ሁሉም በዓይናቸው እንዲያዩት ስለፈለግሁ፣ በሙከራው ቅጂ ላይ ብቻ እንዲሰርዘው ፈቀድሁለት።

በክፍሉ ረጅም ዘመን ያገለገሉ አንዲት እናት ጥያቄውን አቀረቡ፤ «ከወለድሁ በኋላ ስንት ቀን ፈቃድ አለኝ?» ረዳቱ «60 ቀን» ብሎ፣ የድርጅቱን መመሪያ ጠቅሶ፣ «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ጨምሮ መለሰ።

«ልጄ» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፤ «60 የድሮው አዋጅ ነው፤ አሁን 90 ነው። ይህን እውነት ነው ብላ አራስ ልጇን ጥላ የመጣች ልጅ፣ የቀረባትን 30 ቀን ማንን ትጠይቅ?»

ምክትል ሥራ አስኪያጁ «እሱ በጊዜ ይስተካከላል» አሉ። ከውስጤ ያልወጣው ይህ መልሳቸው ነው። የወሊድ ፈቃድ ቀኑ አንዴ ካለፈ በኋላ በምን ይስተካከላል? ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ሴቶች አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም፤ ዝም ያሉት ስለተስማሙ እንዳልሆነ ግን ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

ስሕተቱ የመጣው ከሰነዶቹ ነው። የድርጅቱ መመሪያ የተጻፈው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ሲሆን፣ በኮምፒውተር የተተየበ በመሆኑ ማሽኑ አጥርቶ ያነበዋል። ያንን አዋጅ የሻረው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከነጋሪት ጋዜጣ ስካን ተደርጎ የገባ ነበር። ጋዜጣው አማርኛውንና እንግሊዝኛውን በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን ስለሚያትም፣ ጽሑፉን ከምስሉ የሚለቅመው ፕሮግራም መስመሩን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ ሁለቱን ቋንቋዎች ቀላቅሏቸዋል፤ ከዚህ የተነሣ ፍለጋው የጸናውን ሕግ አልፎ የተሻረው ላይ ያርፋል። ረዳቱ «አላገኘሁትም» ያበዛውም ለዚሁ ነው፤ ያልተረጋገጠውን እንዳይጠቅስ ተከልክሏል፣ የጸናውን ደግሞ ማንበብ አልቻለም። መልሱ ድርጅቱ ፋይሉን በምን ሁኔታ እንደያዘ በግልጽ የሚናገር ነበርና፣ አለቃው ሊደብቁት ከመሻት ይልቅ ቢያነቡት ይጠቅማቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራነው አሰልቺ ሥራ ነው። ዓምዶቹን ለያይተን አዋጁን እንደገና አስገባን፣ የተሻሩትን ለየን፤ እኚያ እናት አንቀጽ በአንቀጽ እያነበቡ አረሙልን። በሥልጠናው ሁሉ የእሳቸውን ያህል ያስተማረን ሰው አልነበረም። «አላገኘሁትም» የሚለው መልስ፣ ክልከላው ሳይነካ፣ በብዙ ቀነሰ። ወጣቱ ባልደረባዬም ዛሬ ሌሎችን ሲያሠለጥን ፕሮምፕት (ለረዳቱ በጽሑፍ የሚሰጠውን ትእዛዝ) ከማስጻፉ በፊት የደንበኛውን ሰነዶች አስወጥቶ «የትኛው ተሽሯል?» ብሎ ይጠይቃል።

ለቦርዱ በቀረበው ቅጂ ላይ ግን ክልከላው በሌላ ባለሙያ እጅ እንዲነሣ ተደርጓል። እኔ በርክክቡ ሰነድ ላይ እንዳልተስማማሁ ከነምክንያቱ በጽሑፍ አስፍሬ ፈርሜያለሁ። እኚያ እናት ጡረታቸው ደርሷል፤ አዳዲስ ሕጎች በወጡ ቁጥር ሰነዶቹን የሚያረጋግጥ ሰው በቦታቸው እንዲመደብም ለድርጅቱ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ እስካሁን መልስ አልደረሰኝም።